አጎዛ የለበሰው አማና

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ስልኬ ጠራ። «ሐያት፣ አብሽሪ» አለችኝ ትዕግሥት ከአዲስ አበባ። ይህን «አይዞሽ» ማለት የሆነ የወሎ ቃል ያስተማርናት እኛ ነን፤ ደሴን ከማየቷ በፊት አታውቀውም ነበር። «የመጨረሻው የደም ምርመራ ደርሷል። ያንቺም የሐጂም ደህና ነው፤ ምንም የለባችሁም። ዕቃውም አገሩ ገብቷል።»

ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ከደሴ ፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ሮጥኩ። ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች «ማን ሞተ?» እያሉ ከኋላዬ ጠየቁ፤ በኛ ሰፈር ሴት ልጅ ስትሮጥ ከሞት ሌላ ምክንያት አይታሰብም። ስደርስ አያቴ ሐጂ ሰዒድ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። መዛቂያውን አስቀምጠው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ከዚያ ስለ ደማችን አንድም ሳይጠይቁ፣ «ዕቃው ከባለቤቱ እጅ መግባቱን እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው። ለእናንተ ግን ከመጀመሪያው መጀመር አለብኝ። የአማርኛ መምህራችን «አንቺ ስትጽፊ ሰው ይሰማሻል» ካሉኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። ይህችን ታሪክ ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ አፍኜ ይዣት ነበር። ማለቂያዋን ሳላውቅ እንዴት ልጀምራት?

ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዘንድሮ ደሴ ሆኜ እማራለሁ እንጂ ቤታችን ኮምቦልቻ ነው፤ እናቴ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። ትምህርት ሲዘጋ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ አያቴ ዘንድ እሰነብት ነበር። ሱቃቸው የአባታቸው ነው። ቅድመ አያቴ ከየመን ባሕር ተሻግረው መጥተው የከፈቱት፣ ጠባብና ረጅም፣ መስኮት የሚባል ነገር የሌለው ቤት። ከፊት አንድ የብረት በር፣ ከኋላ የድንጋይ ግድግዳ፣ በመሃል ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ሻማ። ጥናቴን የማጠናው ከግድግዳው ሥር፣ ከሚዛኑ ኋላ ነበር።

አያቴን በገበያው የሚያስከብራቸው ግን ስኳሩ አይደለም፤ አማና ነው። ከገጠር የመጣ ሰው፣ መንገድ የሚሄድ ሹፌር፣ ልጇን ልትድር የምታጠራቅም ሴት፣ ሁሉም ዕቃውን እሳቸው ዘንድ አደራ ይጥላል። ሲቀበሉ ሕግ አላቸው። ሰጪው ፊት ዕቃውን አገላብጠው ምልክቱን ያያሉ፤ የተቀደደ ጥግ፣ የተቋጠረበት ገመድ፣ እንዲህ ያለ ነገር። አይከፍቱትም። ሲመልሱም ለሰጣቸው ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ «የኔ ነው» ካለ ምልክቱን ይናገራል። ካልተናገረ የገዛ ወንድማቸውም ቢሆን ባዶ እጁን ይመለሳል።

አቡበከር የሚባል የጭነት መኪና ደላላ ነበር፤ የአያቴ የብዙ ዓመት ደንበኛ፣ ሳቂታ ሰው። በዚያ የዕረፍት ጊዜ መጀመሪያ ላይ፣ ከሚሌ በኩል በመጣ መኪና አንድ ግራጫ ቀለም የተቀባ ነገር አመጣ። እንደ ድስት ክብ ነው፣ ከላይ እጀታ አለው፣ መጠኑ ከውኃ ጀሪካን ያንሳል። ይዘውት የገቡት ግን ሁለት ጎረምሶች እያቃሰቱ ነው።

«ድንጋይ ነው እንዴ የጫንከው?» አሉት አያቴ።

«የማሽን ዕቃ ነው ሐጂ። ስመለስ እወስዳታለሁ፤ አማና ይያዙልኝ።»

አያቴ ዙሪያውን በጣታቸው ዳስሰው፣ ጎረምሶቹ ከፍ ሲያደርጉት ጎንበስ ብለው ሥሩን አይተው ተቀበሉት። ከሱቁ መጨረሻ፣ እኔ ከማጠናበት ቦታ አስቀመጡትና አጎዛ ጣል አደረጉበት። ከዚያ ወዲያ በርጩማ ሆነ። ደንበኛ ይቀመጥበታል፣ እኔም ፊዚክስ ሳጠና እቀመጥበታለሁ። ጎረቤታችን በርበሬ ሻጯ እትዬ ዘሀራ ወገባቸውን ሲያማቸው እየመጡ ያርፉበት ነበር። «ሐጂ፣ ይህችን መቀመጫ ውርስ ይተዉልኝ፤ ለወገቤ ተስማማችኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት፣ አንድ የፖሊስ ኢንስፔክተርና አንዲት ወጣት ሴት መጡ። ሁለቱም የደንብ ልብስ አልለበሱም። ሴትየዋ በእጇ ቢጫ ነገር ይዛለች፤ ትንሽ ሬዲዮ ይመስላል። ደፉን ከመርገጧ ቢጫው ነገር ቲክ፣ ቲክ አለ። አንድ እርምጃ ስትገባ ፈጠነ። እሷ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባቴ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰው አደራ የሰጠዎት ከባድ ዕቃ አለ?»

«ካለስ?»

«ልንወስደው ይገባል። አደገኛ ነው።»

ይህን ቃል በዚያ ሱቅ ውስጥ መናገር አልነበረባትም። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዎች መታወቂያ አሳይተው፣ «ከመንግሥት ነን» ብለው የአንድ ጎረቤታችንን ዕቃ ጭነው ሄደዋል፤ እስከ ዛሬ አልተገኙም። አያቴ ምርኩዛቸውን አንሥተው በረጋ እርምጃ ወደ በሩ ሄዱና፣ ሁለቱን ሰዎች በደረታቸው ገፋ ገፋ አድርገው አስወጡ። ከዚያ የብረቱን በር ጎትተው ዘጉ። ከውስጥ ቆለፉ። ቁልፉን ወገባቸው ላይ በታጠቁት ጨርቅ ውስጥ ቋጠሩትና ተመልሰው መጥተው አጎዛው ላይ ተቀመጡ።

«አንብቢ አንቺ» አሉኝ።

ከበሩ ሥር በምትገባው ብርሃን ምን ይነበባል? አያቴን እንኳ የማያቸው ነጭ ኮፍያቸውን ብቻ ነው። ከውጭ እትዬ ዘሀራ ሲጮኹ ሰማሁ፤ «ኧረ ልጅቱም ውስጥ ናት! ሐያት ውስጥ ናት!» ከዚያ የዚያች ሴት ድምፅ ከበሩ ሥር፣ ከመሬት መጣ። በሆዷ ተኝታ ነበር የምታናግረኝ።

«ሐያት ነሽ? እኔ ትዕግሥት እባላለሁ፤ የጨረር ቁጥጥር ባለሙያ ነኝ። ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ወደ ዐሥራ አንድ አለፍኩ።»

«ጨረር ተምረሻል?»

ተምሬአለሁ። መምህራችን የማይታይ፣ የማይሸት፣ የማይሰማ ሲሉን ስለ ጂን የሚያወሩ መስሎን ስቀን ነበር። የተቀመጥኩበት፣ መጽሐፌን የዘረጋሁበት፣ ምሳዬን የበላሁበት ነገር ያ ነው?

«ወደ በሩ ነይ» አለችኝ። «ከዕቃው በራቅሽ ቁጥር ይቀንሳል። ሐጂንም አምጫቸው።»

ወደ በሩ ሄጄ ጀርባዬን ለብረቱ ሰጠሁ። አያቴ ግን ከአጎዛው አልተነሡም።

«አባባ፣ ይነሡ። ያ ነገር ይጎዳል።»

«አጎዛ ሲጎዳ አላየሁም።»

«ከሥሩ ያለው ነው።»

«ውስጡ ያለውን አንቺም አላየሽው፣ እኔም አላየሁት፣ እሷም አላየችው። ባለቤቱ መጥቶ ያያል።»

ኢንስፔክተሩ ብረት መቁረጫ ይምጣ ሲል ሰማሁ። ትዕግሥት አይሆንም አለችው። ሽማግሌው ደንግጠው ዕቃውን ቢገለብጡት፣ ክዳኑ ቢላቀቅ፣ ያን ጊዜ ነው የሚብሰው አለች። እስካሁን የተረፍነው ወፍራሙ የእርሳስ ሽፋን ስላልተነካ ነው፤ መሣሪያዋ የሚነግራት ግን በአንድ ጎኑ ትንሽ እያሳለፈ መሆኑን ነው። «የተቀመጡበት እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠርባቸዋል» አለችኝ በዝግታ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የተያዝኩት። በሩ ከጀርባዬ ነው፣ ግን አይከፈትም። ቁልፉ ከፊቴ ነው፣ ግን የአያቴ ወገብ ላይ ነው። ነጥቄ ልውሰደው? አስቤዋለሁ። በእነዚያ እጆች ነው የመጀመሪያ ፊደሌን የቆጠርኩት፤ በምን እጄ እታገላቸዋለሁ? እናቴ ጋ ብደውልም አታነሣም፤ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ስልክ አይፈቀድም። እግሬን በእጄ መንካት ፈራሁ። ከወገቤ በታች ያለው አካሌ የሌላ ሰው መሰለኝ።

የዙህር አዛን ተሰማ። አያቴ በኮዳው ውኃ ውዱእ አድርገው እዚያው አጠገቡ ሰገዱ። ሲሰግዱ አየሁና አንድ ነገር መጣልኝ። ወደ መካ ሲዞሩ ጀርባቸውን ለዕቃው ሰጥተው ነበር፤ ስለሱ አልፈሩም። የሚፈሩት በሩን ነው።

ሰግደው ሲጨርሱ፣ «አባባ» አልኳቸው፣ «ሌባ በየት ይገባል?»

«በበር ነዋ።»

«ሌላ በር አለን?»

«ምን ልትይ ነው?»

«ዕቃው ላይ ተቀምጠው በሩን ማን ይጠብቃል? እኔ ልጅ ነኝ። ቢገፉት እወድቃለሁ። በሩን የጠበቀ ዕቃውንም ጠበቀ።»

የሳሙና ሣጥን ይዘው ወደ እኔ መጡና ከበሩ አጠገብ ገልብጠው ተቀመጡ። ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከበሩ ሥር ትዕግሥት በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። እኔም እንባዬ መጣ፤ በጨለማው ውስጥ ስለነበርን አላዩኝም።

ተቆልፎብን እንደነበረ ተቆልፎብናል፤ ቢሆንም ራቅ ብለናል። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሙቀቱ ከጣሪያው ይወርዳል። እትዬ ዘሀራ በየመሃሉ ይጮኻሉ፤ ፖሊሶቹ ገመድ ዘርግተው ገበያተኛውን ሁሉ ስለመለሱት በርበሬያቸውን የሚሸምት ጠፍቷል።

«ሐጂ፣ በአላህ ይክፈቱ። ወገቤን ያሻለኝ ያ ነገር ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

«ያንቺን ወገብ ያመመው ምላስሽ ነው» አሉ አያቴ ከውስጥ። ፖሊሶቹ ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ።

ትዕግሥት በበሩ ሥር ሁሉንም ነገር ለአያቴ ተረከችላቸው። ዕቃው ባሕር ማዶ ካለ አንድ ሆስፒታል የተሰረቀ የካንሰር ማከሚያ ነው። የሰረቁት ሰዎች ሚሊዮን ያወጣል ተብለው ተታለው ከአገር አገር እያሻገሩ ገዢ ይፈልጉለታል። አገሮች እንዲህ ያለ ዕቃ ሲጠፋባቸው ዝም አይሉም፤ ለሌሎቹ ወዲያው ይነግራሉ፣ በየድንበሩ ያሉትም ይጠባበቃሉ። አቡበከር ትናንት ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን ላይ ተይዟል። ስልኩ ውስጥ የዕቃው ፎቶ ተገኝቷል፤ ከጀርባው የአያቴ ሚዛን ይታያል።

አያቴ አቡበከርን ይወዱት ነበር።

«ቢታሰርም አማናው የሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰጪው እሱ ነው። ሲታሰር አሳልፌ ልስጥበት?»

«አባባ፣ ከሱ በፊትስ የማን ነበር?» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዓይናቸው ብቻ ይታየኛል።

«የሰረቀ ሰው ዕቃ አደራ ቢሰጥዎት፣ አማናው የሌባው ነው ወይስ የተሰረቀው ሰው?»

«የተሰረቀው ሰው ነዋ። ይህ አይጠየቅም።» በምርኩዛቸው ብረቱን መቱት። «አንቺ ልጅ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማዎታለሁ አባቴ።»

«እውነትሽን ከሆነ ባለቤቱን አምጪው። ምልክቱን ይንገረኝ። ከነገረኝ በዚህች ቅጽበት እከፍታለሁ፤ ወላሂ። ካልነገረኝ እዚሁ አድራለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል ሰኞ ገበያ መጥቶ ምልክት ሊናገር? ትዕግሥት ግን አልሳቀችም። «ይጠብቁኝ» አለችና ከመሬት ተነሣች። አዲስ አበባ ስትደውል ሰማሁ። አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ ውጭ ላሉት፣ ውጭ ያሉት ለዚያች አገር። እኔ ጉዳዩን በሐሳቤ እከተለው ነበር፤ ከእኛ በር ሥር የወጣች አንዲት ጥያቄ ባሕር ስትሻገር።

የዐስር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ውኃው አልቋል። አያቴ አንዴ ብድግ አሉ፤ ተመልሰው ወደ ውስጥ ሊሄዱ ነው ብዬ ምርኩዛቸውን ያዝኩ። እግራቸውን ዘርጋ አድርገው ተቀመጡ። «ይመጣል?» አልኳቸው። «ያጣ ሰው ይፈልጋል» አሉኝ።

ስልክ በበሩ ሥር ተንሸራቶ ገባ። ድምፁ ከፍ ብሏል። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለች አንዲት ሴት። ዶክተር ናዲያ ትባላለች፤ ዕቃው የጠፋባት እሷ ናት። አያቴ ከአባታቸው የቀራቸው የገበያ ዐረብኛ አላቸው። እኔ የሚገባኝ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የቀረውን እሳቸው ኋላ ነግረውኛል።

ሰላምታውን መልሰው፣ «ምልክቱን ንገሪኝ» አሉ።

ሴትየዋ ገና ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ።

የስልኩ መብራት ጠፋ፣ ሱቁ ጨለመ። አያቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሳቸውም ተይዘዋል። በሩን የቆለፉት እሳቸው ናቸው፣ ቁልፉም የእሳቸው ነው፤ ግን ከእኔ እኩል መውጫ አጥተዋል። የልጅ ልጃቸውን ጉዳት ላይ መጣልም፣ አማና በልቶ መውጣትም አይሆንላቸውም።

እንደገና ጠራ።

«እጀታው በአንድ በኩል ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ ታስሯል» አለች ሴትየዋ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሰባት ዙር ሳይሆን አይቀርም፣ አሁን ረስቼዋለሁ። ከሥሩ ደግሞ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ጭረት አለ። ደረጃ ላይ የወደቀ ዕለት ነው የተጫረው። የኔ እግር ላይ ሊወድቅ ነበር።»

አያቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ሽቦና ያን ጭረት ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለእኔም። እኔ የዕረፍት ጊዜዬን ሙሉ ተቀምጬበት አላየሁትም።

«ያንቺ ነው» አሉ በዐረብኛ። ይህንን ያለ አስተርጓሚ ሰማሁት።

ከወገባቸው ጨርቁን ፈቱ። ቁልፉ ቀዳዳውን ስቶ ሁለት ጊዜ ብረቱን መታ፤ ሦስተኛውን እጃቸውን ያዝኩላቸው። በሩ ሲከፈት የማታዋ ፀሐይ ዓይናችንን አጥበረበረችው። ትዕግሥት ልብሷ ሁሉ አፈር ሆኖ ቆማለች። አያቴ አይተዋት፣ «ልጄ፣ መሬት ላይ አስተኛሁሽ፤ አውፍ በይኝ» አሏት። ከእሷ ጋር ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ወፍራም የእርሳስ ሣጥን ይዘው ገቡ። አጎዛው ሲገለጥ ከሩቅ አየሁት። መዳቡ ያበራ ነበር።

ከዚያ ምርመራው መጣ። ሆስፒታል፣ መርፌ፣ «እንደገና ተመለሱ»፣ ደግሞ መርፌ። እትዬ ዘሀራም ተመርምረዋል፤ የእሳቸው ውጤት ቀድሞ ደረሰ፣ እስከ ዛሬም ይኩራሩብናል። እኔ ግን በየሌሊቱ እግሬን እየዳሰስኩ ነው የተኛሁት። ያ ሱቅ ተከፈተ እንጂ እኔ ከውስጡ የወጣሁት ትናንት ነው፣ ትዕግሥት «አብሽሪ» ስትለኝ።

አያቴ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። በሳምንቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። አቡበከር ታስሮ ወደሚገኝበት ምግብ አስይዘውኝ ሄድን። እሱ ሲያየን አንገቱን ደፋ። «አማናህን ለባለቤቱ አስረክቤያለሁ፤ ሳልነግርህ እንዳይቀር ብዬ ነው» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አቡበከር ምግቡን ተቀብሎ አለቀሰ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ አያቴን ልትፈርዱባቸው ትችሉ ይሆናል። እኔም በዚያ ጨለማ ውስጥ ፈርጄባቸው ነበር። ግን አስቡት፤ ያ ዕቃ ጉጉት የሚበዛበት ሰው እጅ ቢገባ ኖሮ፣ ክዳኑን ልፍታው ባለ ነበር። ያሰረን ያ ሕግ ነው፤ ያተረፈንም ያ ሕግ ነው። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነው። ድሮ ለታላቅ ሰው ጥያቄ ማቅረብ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። የብረቱን በር የከፈተው ግን መቁረጫ አይደለም፤ «ከሱ በፊትስ የማን ነበር?» የሚለው ነው። አያቴም ዛሬ አማና ሲቀበሉ ከምልክቱ ቀጥለው «ከየት አገኘኸው?» ይላሉ። ቅር የሚለው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል።

ትዕግሥት ትናንት ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ጋብዛኛለች። የፊታችን ቅዳሜ ደሴ ትመጣለች። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ያን ዕቃ የሚመስል ማሳያና ማስጠንቀቂያ ምልክቱን ይዛ፣ ከእኔ ጋር ሆና ለገበያው ልታሳይ ነው። ግብዣው ለእኔ ብቻ እንዳይቀር ለእናንተም አስተላልፌዋለሁ። ከዙህር በኋላ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከሐጂ ሰዒድ ሱቅ ደጃፍ ኑ። ቆራሌዎች ኑ፣ ሹፌሮች ኑ፣ የሰው አደራ ቤቱ ያስቀመጠም ይምጣ። የማታውቁት ከባድ ነገር ቤታችሁ ካለ ግን እባካችሁ ተሸክማችሁ እንዳትመጡ። ባለበት ተዉት፣ ከሱ ራቁና ወሬውን ብቻ ይዛችሁ ኑ። ባለቤቱን አብረን እንፈልግለታለን።

መቀመጫም አለ። እትዬ ዘሀራ ከቤታቸው በርጩማ አምጥተዋል፤ አጎዛውንም አልብሰውታል። ከሥሩ እንጨት ብቻ እንደሆነ ገልብጬ አይቻለሁ።